ከበሩ ወዲያ ያለው ሰው

መስከረም ፳ ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእሜቴ፤

ከሩቅ የምልከው ሰላምታ ባሉበት በጤና ያግኝዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ድምፅዎን እንኳ አልጠይቅም፤ እናቴ በስልክ «እሜቴ ከሰገነቷ ሆና ስትጣራ ሦስት ሰፈር ዞር ይላል» ብላኛለችና እሱ በሰላም እንዳለ አውቄአለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» እንዳይሉኝ ራሴን ላስተዋውቅ። የእናቴ እናትና የእርስዎ እናት የእህትማማች ልጆች ናቸው። ዝምድናችን ሲጎትቱት የሚረዝም፣ ሲያጥፉት ኪስ የሚገባ ነው። በሰባት ወሩ ተወልዶ «ይሄ ችኩል!» ያሉት ልጅ እኔ ነኝ። ጠጉሬ ከግንባሬ እየሸሸ ነው፤ ያወጡልኝ ስም ግን እስከ ዛሬ አልሸሸኝም።

ሥራዬ ፊልም መቁረጥና መቀጠል ነው። ሌላው ሰው ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆሞ የቀረጸውን እኔ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ቆዳው በተላጠ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቅርጽ አስይዘዋለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ሳሳድግ ኖርኩ ማለት ይቻላል። አሁን ግን የራሴን ልወልድ ነው፤ እንደምችልም አውቃለሁ። አንድ ፕሮዲዩሰር «ምን ታሪክ አለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ ከእኔ ቀደመና እርስዎ ጽፈው የተጫወቱትን ተውኔት አወራሁለት።

እናቴ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው ያሳየችኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻዋን በአንድ ክፍል ትኖራለች። ጥሏት የሄደው ሰው ከዓመታት በኋላ ይመለስና በየምሽቱ ከበሯ ውጭ ቆሞ ያናግራታል። አትከፍትለትም። እኛ ድምፁን እንጂ መልኩን አናይም። መጀመሪያ ትሰድበዋለች፣ ከዚያ ትሰማዋለች፣ ከዚያ መርፌዋን አስቀምጣ ትጠብቀዋለች። በመጨረሻ «ከነገ ጀምሮ አልመጣም» ይላታል። ተነሥታ እጇን እጀታው ላይ ታሳርፋለች። መብራቱ ይጠፋል።

«ከፈተችው ወይ? ከፈተችው ወይ?» እያልኩ እስከ ቤት አለቀስኩ። እናቴ ቆንጥጣ ዝም አሰኘችኝ እንጂ መልሱን አልነገረችኝም። ፕሮዲዩሰሩም እንደ ልጅ «ከፈተችው ወይ?» አለኝ። ያኔ ፊልም እንደሆነ ገባኝ።

ስለዚህ ፈቃድዎንና ጽሑፉን እለምናለሁ። ፈቃድዎን ካላገኘሁ ሌላ ታሪክ የለኝም፤ ፕሮዲዩሰሩም ጆሮውን ለሌላ ይሰጣል። ያለ መስኮት እንዳላረጅ ይመርቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ችኩሉ


ጥቅምት ፳፰ ቀን

ለልጄ ለችኩሉ፤

እንደምን አለህልኝ? ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጠጉርህን ይመልሰው፣ እሱ እንኳ ባይሆን ደህና ባርኔጣ ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ይታዘዛል።

ፈቃድ ጠየቅኸኝ፤ ሰጥቼሃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝ ስላልሆንኩ ወረቀቱንም ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና ካሜራህን ከመሸከምህ በፊት ግን ይህን ስማኝ።

ስለዚያ ተውኔት ብዙ ተጽፏል። በሩ የኑሮ ምሳሌ ነው ተባለ። የማይታየው ሰው የዘመኑ መንፈስ ነው ተባለ። አንዱ ምሁርማ ስለ በሩ ቡናማ ቀለም ብቻ ሁለት ገጽ ጻፈ። ቡናማ የሆነው ሌላ ቀለም ስላልነበረን ነው።

መጀመሪያ ስጽፈው ሰውዬው ይገባ ነበር። ትከፍትለታለች፣ ይተቃቀፋሉ፣ መጋረጃ ይዘጋል። ታዲያ ተውኔቱን በምንከፍትበት ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ መሪ ተዋናያችን ጫማው ጠበበኝ ብሎ ከአለቃችን ጋር ተጣላና በካልሲው ወጥቶ ሄደ። ቲኬቱ ተሽጧል። አለቃችን ራሱን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ ስጮህ፣ ስጮህ፣ ለትንፋሽ ዝም ስል የሰውዬው ቃል ከመድረኩ ጀርባ ይሰማኛል። አንዲት ቃል ሳትጎድል! ዞሬ ባይ አናጢያችን ነው። በሩን እየላገ ለራሱ ይናገራል። ልምምዱን ሁሉ መዶሻ ይዞ ሲሰማ በቃሉ ወጥቶታል።

«ተነሥ፣ ልብስ ቀይር፣ አንተ ነህ የምትጫወተው» አልኩት።

«እሜቴ፣ ቢገድሉኝ ሰው ፊት አልወጣም» አለ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

እንዲህ ያለ ዓይን አፋር አይቼ አላውቅም። «እንግዲያው አትውጣ! እዚያው ከበሩ ወዲያ ሆነህ ተናገር» አልኩና እርሳሴን አንሥቼ የሰውዬውን መግባት ሰረዝኩት። ጥበብ ብለው ያጨበጨቡለት ይህ ነው።

በሩንም ሲያጣድፉት እጀታ የገጠመው በእኔ በኩል ብቻ ነው። ተመልካች ለማያየው ጎን ምን አደከመው! ሲበዛ ቆጣቢ ሰው ነው። እንዲህ ሆኖ ያ በር ሳይከፈት ስንት ከተማ ዞረ፤ በጭነት መኪና፣ በሸራ ተጠቅልሎ።

እንግዲህ ቃሌ ሁለት ነው። ሰውዬው አይታይም። በሩ አይከፈትም። የቀረውን እንዳሻህ አድርገው። ለእኔ ደግሞ የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ፤ ፊደል በሩቅ እየሳቀ በቅርብ ይደበቀኛል።

አክስትህ


ኅዳር ፳፬ ቀን

ለተከበሩ እሜቴ፤

በረከትዎ ደርሶኛል፤ ባርኔጣም ገዛሁ። መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያገኙታል። ክፈፉ ቀይ ነው፤ ለተዋናይት ጥቁር አይሰጥም ብዬ ነው።

ጽሑፉን አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ልብስ ሰፊዋ የምትናገረው እንዳለ ይሄዳል፤ አንድ ቃል አልነካም። የቸገረኝ ሌላ ነው። ፕሮዲዩሰራችን ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ አሳቡም የራሱ ነው። ለሰውዬው ያጨው ተዋናይ ፊቱ በየአውቶቡሱ ጎን የተለጠፈ ነው። «ለዚህ ፊት ይህን ያህል ከፍዬ ከበር ጀርባ ልደብቀው?» ይለኛል። ጠረጴዛውን በብዕሩ እየመታ ነው እንዲህ የሚያወራው። ኮቱን፣ ትከሻውን፣ ከኋላ ብቻ አሳያለሁ ብዬ ለጊዜው አለዝቤዋለሁ።

መጨረሻው ግን ጠፍሮ ይዞኛል። መድረክ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ያጨበጭባል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሥዕሉ ቢጠፋ «ማሽኑ ተበላሸ፣ ገንዘባችንን መልሱ» ነው የሚሉት። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ካሜራ ቅርብ ነው። ፊቷን በእጄ ስፋት ርቀት ላይ ሆኜ እያየሁ፣ ልትከፍት ይሁን አይሁን ሳላውቅ እንዴት አድርጌ እቀርጻታለሁ? ተዋናይቷም ትጠይቀኛለች።

የጻፏት እርስዎ ነዎት፤ የኖሩባትም እርስዎ ነዎት። ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ፦ ትከፍታለች ወይስ አትከፍትም?

ልጅዎ
ችኩሉ


ጥር ፱ ቀን

ለልጄ ለችኩሉ፤

ሰላምህ ይብዛ፤ እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ ካሜራህ አይውደቅ። መነጽሩ ግሩም ነው። ጎረቤቴ «ቀይ በዚህ ዕድሜ?» አለችኝ። «በዚህ ዕድሜ ካላደረግሁት መቼ ላደርገው ነው?» አልኳት።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አልመጣም። ልብስ ሰፊዋን ዘመኔን ሙሉ ተጫወትኳት፤ እጄን እጀታው ላይ ሳደርግ መብራቱ ይጠፋል፣ ጭብጨባው ይመጣል፣ እጅ እነሣለሁ። ከመብራቱ በኋላ ያለው የመብራት ሠራተኛው ጉዳይ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ አትነካካው።

ወሬ ካማረህ ይኸው። የድሮው ቴአትር ቤታችን የሶፋ መሸጫ ሆኗል። መድረኩ ላይ ሁለት አልጋ ዘርግተውበታል፤ ሳልፍ «ይህኛው ትዕይንት ምንድነው?» እያልኩ ሻጮቹን አስቃለሁ። በሩን አናጢው አስቀርቶታል። የእንጨት ሥራ ቤቱ ከእኔ ሰገነት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። በሩ እዚያ ግድግዳ ተደግፎ ሸራ ለብሷል አሉ፤ እኔ ገብቼ አላየሁም። መላጊያው ጠዋት ጠዋት ይሰማኛል። ያልተሰማኝ ዕለት ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም።

ሳልረሳው፣ ለጆሮ መስሚያ መሣሪያ የምትሆን ትንሽዬ ባትሪ እዚያ አገር አትጠፋም ይላሉ። እዚህ የምትገኘው ቶሎ ትሞታለች። ላክልኝ። የእኔ ጆሮ ደህና ነው፤ ለሰው ነው።

አክስትህ


የካቲት ፬ ቀን

ለተከበሩ እሜቴ፤

ጤና ከእርስዎ አይራቅ። ባትሪዎቹን ልኬያለሁ፤ ያ «ሰው» ረዘም ላለ ጊዜ ይሰማበታል።

እሜቴ፣ እኔ ፊልም ቆራጭ ነኝ። ኑሮዬ ሰዎች ያላሉትን ነገር ፊታቸው ላይ መፈለግ ነው። በላኩልኝ ሁለት ደብዳቤ ስለ ጎረቤትዎ አንድ መስመር፣ ስለ አናጢው አንድ ገጽ ጽፈዋል። አላገባም ወይ? እርስዎስ? እናቴን ስጠይቃት «እሱ የሞተች እህቱን ልጆች ሲያሳድግ ቀረ፤ እሷ ደግሞ ባል አላጣችም፣ ጊዜ ነው ያጣችው» አለችኝና ወሬ ለወጠች።

ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። ያ ሰው በየምሽቱ ከበሩ ወዲያ ሆኖ «እኔ እኮ ያላንቺ ሰው አልሆን አልኩ» ሲል፣ ለተመልካቹ ነበር ወይስ ለእርስዎ? የፊልሙ ነፍስ እዚህ ጋ ናት ብዬ አምናለሁ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ
ችኩሉ


ሚያዝያ ፲፩ ቀን

ለተከበሩ እሜቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ ዝም ብለውኛል። አስቀይሜዎት ከሆነ ከእግርዎ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እናቴ ደህና እንደሆኑ፣ ገበያም እንደሚወጡ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ዝምታው ለእኔ ብቻ የተላከ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን እየነቀዝኩ ነው። ቀረጻ ጀምረናል። ክፍሏ በአንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ተሠርታለች፤ የስፌት መኪናዋ፣ የክር ሳጥኗ፣ ሁሉ ቦታውን ይዟል። ትናንት ፕሮዲዩሰሩ ቁርጡን ተናገረ። መጨረሻ ከሌለኝ እሱ አለው። ባለ አውቶቡሱ ተዋናይ «ከነገ ጀምሮ አልመጣም» ይልና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ተንደርድሮ፣ በሩን በእግሩ ሰብሮ ይገባል። ያነሣታል፣ ሙዚቃ ይገባል። ለግንቦት መጨረሻ ቀጠሮ ይዘውበታል። እምቢ ካልኩ ሌላ ዳይሬክተር ያመጣል፤ እኔም ወደ ተላጠው ወንበሬ እመለሳለሁ።

እምቢ ማለት እችላለሁ፣ ለማለትም ቆርጫለሁ። ግን «ይህ አይደለም» ብቻ ብዬ አልረታውም። «ይህ ነው» የምለው ነገር ይስጡኝ።

ልጅዎ
ችኩሉ


ግንቦት ፪ ቀን

ለልጄ ለችኩሉ፤

በእግሩ? በሩን በእግሩ?!

ሰላምታ መጀመሪያ መጻፍ እንዳለበት አውቃለሁ፤ እንደምን ከረምክ፣ ይባርክህ፣ ይኸው። አሁን ተቀምጠህ አንብብ።

ያልመለስኩልህ ተቀይሜ አይደለም። የጠየቅኸኝን ስለማላውቀው ነው፤ እኔ ደግሞ የማላውቀውን ማውራት አልለመድኩም። ያ ሰው መድረክ ላይ «አንቺ» ብሎ ድንጋይ የሚያቀልጥ ቃል ይነግረኛል። መጋረጃው ሲዘጋ መዶሻውን በሳጥኑ ከትቶ «እሜቴ፣ ደህና ይደሩ» ብሎ ይሄዳል። ስንት ዓመት! እኔ ለራሴ «ሥራው ነው» አልኩ። ኩራቴም አልፈቀደልኝም። ሴት ሆና፣ መሪ ተዋናይት ሆና፣ «ይህን የምትለው ለማን ነው?» ብላ አናጢ ትጠይቃለች? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አንተ ጠየቅኸኝና ሆዴ መፍጀት ጀመረ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጠዋት ነው። ቀይ መነጽሬን እንዳደረግሁ ወረቀቱን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋብኝ፤ እኔም ነፋሁበት። የሥራ ቤቱን በር አንኳኳሁ። ዝም። ተጣራሁ። የኔን ድምፅ ታውቀዋለህ፣ ሦስት ሰፈር ዞረ፣ ወተት ሻጩ ሳይቀር አቤት አለ፤ እሱ ግን ዝም። መላጊያው ይሰማኛል፤ እሱ ግን አይሰማኝም። ያንን ሁሉ ዘመን እያንዳንዷን ቃሌን ከሳንቃ ወዲያ ሆኖ ሲለቅም የነበረ ጆሮ፣ ችኩሉ! ያኔ ደነገጥኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ዘግይቻለሁ» ብዬ ደነገጥኩ። ጥበቃ አበቃና በሩን በሁለት እጄ ገፍቼ ገባሁ።

ጀርባውን ሰጥቶኝ እንጨት ይልጋል። የላክኻት ባትሪ ያለችበት መሣሪያ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። ትከሻውን ነካሁት፤ ዘለለ።

«በሩን ሊሰብሩት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ከንፈሬን አይቶ ገባው መሰለኝ። «ማነው እሱ?» ብሎ መዶሻ ጨብጦ ሸራ ለብሶ ከተደገፈው በር ፊት ሄዶ ተገተረ! በዚያ ዕድሜው! ሳቄ መጣ። መሣሪያውን አንሥቼ ጆሮው ላይ ሰካሁለትና ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁት።

«በእግር ነው የሚሰብሩት?» አለ፤ መዶሻውን አስቀምጦ። «እኔ የሠራሁትን? የሚሰበረውማ እግሩ ነው።»

«ቀልዱን ተወው። ልጁ መጨረሻ ጠይቆኛል፤ እኔም የለኝም። አንተ ነህ ከዚያ በኩል የነበርከው። ያ ሰውዬ መግባት ይፈልግ ነበር ወይ?»

ሸራውን ገፈፈና በሩን በሁለት እጁ አቅፎ አዞረው።

«እሜቴ፣ በዚህ በኩል አይተውት ያውቃሉ?»

አላየሁትም። እኔ የማውቀው ቀለም የተቀባውን፣ መብራት የሚያርፍበትን ጎን ነው። ያኛው ጎን ባዶ ሳንቃ ነው፤ ቀለም የለው፣ ጌጥ የለው። አንድ ቦታ ብቻ፣ ደረቱ ትክክል ላይ፣ እንጨቱ ጠቁሯል፤ ለስልሶም ያበራል። መዳፉን አነሣና እዚያ ላይ አስቀመጠው። ልክክ አለ። በየምሽቱ እጁን እዚያ ላይ አድርጎ ነው ያናገረኝ። እንጨት በሰው እጅ እንዲህ እስኪሆን ስንት ምሽት እንደሚፈጅ እሱ ያውቃል።

«መግባት ይፈልግ ነበር ወይ አሉኝ» አለ። «ምኑን ይዤ ልግባ? እጀታው በእርስዎ በኩል ነበር።»

«አንተ ሰው! አናጢ አይደለህም? አንድ እጀታ መግጠም አቃተህ?»

«ሰው ሳይጋበዝ በሰው በር ላይ እጀታ ይገጥማል?»

አየህ የእኛን ሞኝነት? እኔ እጀታውን ጨብጬ «ከፈለገ ይግፋ» እላለሁ። እሱ ሳንቃውን ደግፎ «ከፈለገች ትክፈት» ይላል። በመሃላችን የጣት ውፍረት ያለው እንጨት፤ እሱንም የሠራነው እኛው ነን፤ የሱ መላጊያና የኔ እርሳስ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ሰው አጨብጭቦልን ወደ ቤቱ፣ እኛም በየቤታችን።

አላለቀስኩም። እሺ፣ ትንሽ አለቀስኩ፤ መነጽሩ አዲስ ስለሆነ ነው። ከዚያ ፊቴን ጠረግሁና «እንግዲያው ዛሬ ተጋብዘሃል» አልኩት። «ምን አሉኝ?» አለ። ሰምቶኛል እኮ! ሁለተኛ እንድለው ነው። ደግሜ አልኩት።

ስለዚህ ልጄ፣ የፊት ቃሌን አንሥቻለሁ። ትከፍታለች። በእግር የሚሰበር ነገር የለም። ለባለገንዘብህ እንዲህ በለው፦ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ያየው አንዱን ጎን ብቻ ነው። ካሜራህን አንሣና ወደ ሌላው ጎን ውሰደው።

አክስትህ


ሐምሌ ፲፯ ቀን

ለእሜቴና ከመንገዱ ማዶ ላሉት፤

ሰላምታዬ ለሁለታችሁም በእኩል ይድረስልኝ።

ደብዳቤዎን ለሠራተኛው ሁሉ በመጋዘኑ መሃል ቆሜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። «እጀታው በእርስዎ በኩል ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ የመብራት ሠራተኛዋ መሰላል ላይ እንዳለች ማልቀስ ጀመረች። ፕሮዲዩሰሩ ጠረጴዛ መምታቱን ተወ። ባለ አውቶቡሱ ተዋናይ ተነሣና «ለዚህች መጨረሻ ስል ፊልሙን ሙሉ ከበር ጀርባ እቆማለሁ። ፊቴን ቀድማችሁ ብታሳዩ ነው የምቆጣው» አለ። ክርክሩ እዚያ ጋ አለቀ።

የእኛ አናጢ በሩን ሲሠራ በሁለቱም በኩል እጀታ ገጥሞ ነበር። የውጭውን ራሴ ፈታሁት። ብሎኑ እጄ ውስጥ ሲወድቅ ምን እንደተሰማኝ መናገር አልችልም።

እንዲህ ቀረጽነው። ፊልሙን ሙሉ ከእሷ ጋር ክፍሏ ውስጥ ነን። «ከነገ ጀምሮ አልመጣም» ሲል እጇን እጀታው ላይ ታደርጋለች። በዚህ ጊዜ እርስዎ መብራት ያጠፉ ነበር። እኔ ቆረጥኩና ወደ ውጭ ወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ከጀርባው እናየዋለን፤ ጨለማ ደረጃ ላይ፣ መዳፉን ባዶው ሳንቃ ላይ አድርጎ። እጀታ የለም። እንጠብቃለን፣ እንጠብቃለን። ከዚያ በሩ ከእጁ ሥር ይሸሻል። ብርሃኑ መጀመሪያ እጁን ያገኘዋል፣ ቀስ ብሎ ፊቱን። አበቃ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልጠይቅዎ ደብዳቤ እዘጋለሁ። ፊልሙ ወደ እናንተ ከተማ ይመጣል፤ መካከለኛውን ረድፍ ይያዙ።

ልጅዎ
ችኩሉ


ኅዳር ፮ ቀን

ለልጃችን ለችኩሉ፤

እኔም አናጢውም እጅ ለእጅ ተያይዘን ሰላም ብለንሃል። ሥራህ ይባረክ፣ መስኮትህ ይስፋ። እሱ «ጠጉሩም ይመለስ» ይበሉልኝ አለ፤ እሱማ የማይሆን ነው ብዬዋለሁ።

ፊልምህን አየነው። መካከለኛው ረድፍ፣ እንዳልከው። እሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባትሪውን ቀይሮ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። እኔ ከልጅቷ ጋር ቃሉን በከንፈሬ ስል፣ እሱ ከዚያኛው ድምፅ ጋር ሲል፣ ከኋላችን ያለችው ሴትዮ ዝም በሉ ብላ ተቆጣችን። እኛን! ያልፋል ብዬ ተውኳት።

ካሜራው ወደ ውጭ ሲወጣ ግን እኔም ዝም አልኩ። ያ ባዶ ሳንቃ፣ ያ መዳፍ። እጄን ፈልጎ ያዘው፤ ያዝኩት። በሩ ሲከፈትና ብርሃኑ የዚያን ቆንጆ ሰው ፊት ሲያገኘው ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። በዚያ ጸጥታ መሃል የኔው ሰው፣ ጆሮው የከበደ ሰው ድምፁን አይመጥንምና፣ «እኔ እኮ ከዚህ የተሻልኩ ነበርኩ!» አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። ያ ሰው ፊት አልወጣም ብሎ የነበረው ሰውዬ፣ ችኩሉ፣ ተነሥቶ እጅ ነሣላቸው! ጭብጨባው ያንተ ነው የኔ፣ የማን እንደሆነ አላውቅም። ከኋላ ያለችው ሴትዮም አጨበጨበች።

ወሬ ይኸው። ቤታችንን አንድ አድርገናል፤ ደረጃ የሌለው የሱ ስለሆነ ጉልበቴ መረቀኝ። ጎረቤቴ «በዚህ ዕድሜ?» አለችኝ፤ መልሱን ታውቀዋለህ። አሁንም «እሜቴ» ነው የሚለኝ፤ «አንቺ» የሚለኝ ሲቆጣ ብቻ ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ አስቆጣዋለሁ።

ምንም አትላክልን። መነጽሩም ባትሪውም ደህና ናቸው። የሚጎድለን አንተ ነህ፤ «ከፈተችው ወይ?» እያልክ ካለቀስክባት ምሽት ወዲህ መልክህን ሳላይ ስንት ዘመን ሆነ! መጥተህ ማየት ያለብህ ነገርም አለ። ያንን በር ለቤታችን መግቢያ አድርጎ ሰቅሎታል። ቡናማው ጎን ወደ ውስጥ፣ ባዶው ጎን ወደ መንገድ። ቀለም እንቀባው ስለው መዳፉ ያረፈበትን ቦታ አላስነካም አለ። እንዲያው እንዳለ ነው። ከአጠገቡ ግን፣ በራሱ እጅ፣ ሳልጠይቀው፣ አንድ እጀታ ገጥሟል።

ስትመጣ ደጃፍ ላይ ቆመህ እንዳታንኳኳ፤ እሱ አይሰማም፣ እኔም ሳወራ አልሰማም። እጀታውን ይዘህ ግባ። ለዚህ እንኳ ቸኩል።

አክስትህና ከበሩ ወዲህ ያለው ሰው